በአጥሩ ቀዳዳ የምትመጣው ሲኒ

የሴት ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ ለብ ያለ ነው። ያቃጥላል ብለህ ጥርስህን ትነክሳለህ፣ አያቃጥልም። ከዛ ዓለም ነጭ ትሆናለች። ቆርቆሮው፣ የአቮካዶው ዛፍ፣ የአለቃዬ ራሰ በራ፣ ሁሉም ነጩ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ይዋኛል። አንተም ላሜራ ላይ በጀርባህ ተንጋለህ፣ ድሮ የምታውቀው ግን መቼ እንደነበርክበት የማታስታውሰው ቦታ የተመለስክ ይመስልሃል። ይሄን የሚያውቀው በያጅ ብቻ ነው። ሕፃን ራሱ በአፉ ነው እንጂ በዓይኑ አይጠጣም።

እኔ በያጅ ነበርኩ። እውነቱን ከፈለጋችሁ የበያጅ ረዳት፣ ግን ለሴት ሳወራ በያጅ ነኝ እል ነበር። አስረኛ ክፍል ላይ ፈተናው ጥሎኝ ቤት ዋልኩ። የዛን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ሥራ የሌለው ወጣት ሁሉ «ተደራጅ» ይባላል። ጓደኞቼ ተደራጅተው ኮብልስቶን ይጠርቡ ነበር። እኔም አንድ ሰሞን ተደራጀሁ፣ ከሊቀመንበሩ ጋር ተሰዳድቤ ወጣሁ። ከዛ ነው የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ጋራዥ ረዳት በያጅ ይፈልጋል ሲባል የሄድኩት። ጋራዡ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። የተሰበረ የገልባጭ ሳጥን፣ የተነቀለ የዶዘር ጥርስ፣ የሚያንጠባጥብ የውሃ ቦቴ፣ ሁሉም ወደኛ ይመጣል።

ማስታወቂያው ላይ «ሕክምና በድርጅቱ ይሸፈናል» ይል ነበር። ደሞዙን ሳይሆን እሱን ነው እናቴ የወደደችው። ሻንቶ ገበያ ላይ ቅቤ ስትሸጥ ለገዢው ሁሉ ትናገራለች፦ «ልጄ ቢታመም እኮ እሱ አይከፍልም!» እያለች። ቤት ስመጣ ጤነኛ መሆኔን እንደ ጉድለት ታየው ጀመር። «እስቲ አንዴ እንኳን ታይ፣ በነፃ አይደል እንዴ?» ትለኛለች።

ብየዳ ዓይን ይመታል። ማስክህን ሳታወርድ እሳቱን ካየኸው፣ ትንሽ ቆይቶ ዓይንህ ውስጥ አሸዋ የፈላ ይመስላል፣ ብርሃን አትችልም፣ እንባህ አይቆምም። ለዚህ ደሞ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የምታጠባ ሴት ወተት። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ስገባ ደርሼበታለሁ።

ከጋራዡ ጀርባ የቆርቆሮ አጥር አለ፣ አጥሩ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ፣ ከቀዳዳው ማዶ ጓሮ ነው። እኛ ማንንም ጠርተን አናውቅም። ብረት የሚቆርጠው ግራይንደርና ብየዳው ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ። በሥራ ሰዓት ድንገት ጸጥ ካለ፣ አንዱ ዓይኑ ተመቷል፣ ሌሎቹም ሥራ ትተው ከበውታል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል፣ እሱን ትለየዋለች። ሁሉም ቀጥ ካለ ግን ማዶ ያለችው ሴት ልጇን ከጡቷ ነጥላ ሲኒ ላይ ታልብና በቀዳዳው እጇን ታወጣለች። ሲኒዋ ጠርዟ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያላት፣ አንድ ቦታ የተሸረፈች ነች። የምናየው እጇን ብቻ ነው። እጇና ሲኒዋ። አንዳንዴ ጸጥታው ውስጥ ተኝቼ ስጠብቅ፣ እጁ ከሰው ሳይሆን ከአጥሩ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር።

ድምጿን ግን ማንም አይስትም። ወላይትኛ ነው የአፍ መፍቻዋ፣ አማርኛዋ ሲቸኩል ወንድና ሴት አይለይም። ጢማሙን ሾፌር «ነይ ውሰጂ!» ትለዋለች። እናቴም እንደዛ ናት፣ ስለዚህ እኔ ስሰማው ቤቴ የገባሁ ያህል ነው። የመጀመሪያዋን ጠብታ ያንጠባጠቡልኝ ቀን ከአጥሩ ማዶ ስቃ፣ «በቃ እንግዲህ የልጄ ወንድም ሆንሽ፣ ታ ናዓው!» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። በዕድሜ ምናልባት ትንሽ ነው የምትበልጠኝ።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ይቺ ሴት የአስተዳደር ኃላፊያችን፣ «አስተዳደሩ» የምንለው ሰውዬ፣ ሚስት ናት። ቤቱን ድርጅቱ ነው የተከራየለት። እሱ ግን ሳምንቱን በሙሉ በዴሳ በኩል ያለው ሳይት ላይ ነው የሚውለው፣ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ጋራዡ ውስጥ ከዘበኛ እስከ መካኒክ የማያውቅ የለም። የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ለምን እንደማይነገረውም ምክንያት አለው። ከሷ በፊት ሌላ የምታጠባ ጎረቤት ነበረች። አንዱ የኛ ሰው ጠጅ ቤት ገብቶ፣ ሲኒ የሚባለውን ነገር ከወሬው አውጥቶ አወራው። ወተቱን በቀጥታ ከምንጩ እንደጠጣ አድርጎ። ወሬው ባሏ ጋ ደረሰ፣ ቤቱ ተናወጠ፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች ገብተው ነው የረጋው። ከዛ ወዲህ አለቃችን ሕግ አወጣ፦ «ሲኒው ባለቤት የለውም።» ማን ሰጠህ ብትባል፣ አላውቅም። የማን እጅ ነው ብትባል፣ የአጥር። ይሄንን ሕግ ሲነግረን ሁሉንም አይቶ መጨረሻ ላይ እኔ ላይ ነው ዓይኑን የተከለው።

«አንተ» አለኝ፣ «ምላስህ ካንተ ቀድሞ ሥራ የሚገባ ሰው ነህ። ተጠንቀቅ።»

አለቃዬ ጉራጌ ነው። አባቱ ሶዶ መጥተው ቆርቆሮ ሲመቱ የኖሩ ናቸው፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ ወላይትኛው ከኔ ይጠራል። ጋሼ ነው የምንለው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት የገልባጭ ፒን እየቆረጥኩ ነበር። የዓይን መከላከያው መነጽር ከመፋፋቁ የተነሳ በጭስ ውስጥ እንደማየት ነው፣ ግንባሬ ላይ አወጣሁት። ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው። አዲስ መነጽር ስንጠይቅ «ተጠይቋል» ይሉናል፣ ተጠይቋል ማለት አይመጣም ማለት ነው። ግራይንደሩ እሳቱን እየረጨ ሳለ ቀኝ ዓይኔን የሆነ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ጮህኩ። ሁሉም ቀጥ አለ። ጸጥታ። ወዲያው እጁ ከአጥሩ በቀለ።

ያው የብየዳ መብራት መቶት ነው አሉ፣ እኔም ነው አልኩ። ወተቱ ገባ። ዓለም ነጭ ሆነች። ግን እንደ ሌላው ቀን ቦታው አልተመለስኩም፤ ነጩ መሐል ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ቆማ ታየኛለች። ሕመሙ ደሞ እንደ ልጅ አስለቀሰኝ። እዚህ ጋ አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ቅዳሜና እሁድን በሕልም ነው ያሳለፍኩት። ዓይኔን በጨርቅ አስሬ በር ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቁን ከፈት ሳደርግ ዳሞታ ተራራ ወርዶ ከተማው መሐል ተቀምጧል፤ ጫፉ የለም፣ ደመናና ተራራው አንድ ላይ ተቦክተዋል። ሰው ሲያልፍ ሰው አይደለም፣ ቀለም ነው የሚያልፈው፤ ቀይ ነጠላ፣ ሰማያዊ ጃኬት፣ ከላያቸው ጭንቅላት የሌላቸው ድምፆች «ሳሮ?» ይሉኛል። ደህና ነህ ወይ ማለት ነው። ሳሮ፣ እላለሁ። መዝሙር ከሩቅ ይመጣል፣ ባጃጆች ንብ ሆነው ያልፋሉ፣ አምፖል ሲበራ ዙሪያውን ቀስተ ደመና ይሠራል። እንዲህ ማማሩ ነው ያናደደኝ። ዓይኔ እየጠፋ ነው ብዬ አስቤ፣ እየጠፋ ያለው ነገር ደሞ እንዲህ ያምራል? በቃ ስድብ መሰለኝ።

ሰኞ ድርጅቱ ውል ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። መናኸሪያው አካባቢ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የድርጅቱን ስም ስትሰማ ፊቷን ዘጋች።

«ደብዳቤ ይዘሃል?»

«ዓይን ይዣለሁ።»

«ያለ ደብዳቤ አንነካም። ባለፈውም ያለ ደብዳቤ አክመን ኢንሹራንሱ መለሰብን።»

«እሺ እስኪጻፍ ዓይኔን እዚህ ላስቀምጠው? ስትጨርሱ ትደውሉልኛላችሁ?»

ተጮሃጮህን። በሰልፍ ያሉት ሁሉ ተከፋፈሉ፣ ግማሹ ለኔ፣ ግማሹ ለሷ። በጩኸቱ ጤና መኮንኑ ወጣና «ና ግባ፣ ዝም እንድትል ብቻ ነው የማይህ» አለኝ። ባትሪ አበራብኝ። ብዙ አልቆየም።

«ብረት ነው» አለ። «የብረት ፍንጣሪ ገብቶ ቀርቷል። ዙሪያው መዛግ ጀምሯል።»

«ዓይኔ ዛገ?»

«እንደዛ በለው። ምን አደረግክበት?»

«ወተት።»

«የምን ወተት?»

«የሴት።»

ሳቀ፣ ሳቁን ዋጠ፣ ጻፈው። አንድም ሳይቀር ጻፈው። ከዛ ፊቱ ተለወጠ። ይሄ እዚህ አይወጣም፣ ሐዋሳ የዓይን ሐኪም ጋ ሂድ፣ ሳትውል ሳታድር፤ ከቆየ ይመግላል፣ ከመገለ ዓይኑን ታጣዋለህ አለኝ። ድርጅቱ ደብዳቤ ከጻፈ ሐዋሳ ያለው ሆስፒታል በዱቤ ይቀበልሃል፣ ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ካልጻፈ ግን ከኪስህ ነው። ኪሴ ውስጥ የነበረው የባጃጅ ነው።

አስተዳደሩ ማክሰኞ ከሳይት መጣ። ቢሮው ኮንቴነር ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ምጣድ ይግላል። ከኋላው የንብ ምልክት ያለው የምርጫ ካላንደር ተሰቅሏል። መጥፎ ሰው አይደለም፤ እሁድ እሁድ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፣ ድምፁም ሸጋ ነው። ግን ወረቀት ይፈራል። ወረቀት ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እንደሚጸልይ ሰው።

«ዓርብ ነው ያልከው አደጋው?»

«አዎ።»

«ዓርብ ለምን አላስመዘገብክም? በዕለቱ መመዝገብ አለበት ይላል።»

«ዓርብ መብራት የመታኝ መስሎኝ ነው።»

«የሥራ አደጋ ለመሆኑ ማን አየ?»

«ዓይኔ አየ።»

«አንተ ልጅ፣ አትቀልድ። ኢንሹራንሱ አዲስ አበባ ነው ያለው። የምከፍለው እኔ አይደለሁም። እነሱ ይሄ ወተት የሚል ነገር ካዩ፣ ቤቱ ሄዶ ባህላዊ መድኃኒት ሲሞክር ራሱ ነው ያበላሸው ብለው ይመልሱታል። ከዛ ተጠያቂው ማን ነው? እኔ።»

«ቤቴ አይደለም የተደረገልኝ! ጋራዥ ውስጥ ነው፣ በሥራ ሰዓት ነው!»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ጋራዥ ውስጥ የምታጠባ ሴት አለች እንዴ?»

ካላንደሩ ላይ ያለችውን ንብ አየሁ።

«ማን ናት? አምጣት። ሠራተኛ ብቻ ቢመሰክር አይቀበሉም፣ እርስ በርሳቸው ይሸፋፈናሉ ነው የሚሉት። ከውጭ የሆነ ሰው፣ ያቺ ሴት መጥታ፣ አዎ ዓርብ ከሥራ ላይ እንዳለ ወተት ወስዷል ካለች እጽፍልሃለሁ። በጌታ ስም እጽፍልሃለሁ። ማን ናት?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ አፌን እንዴት እንደያዝኩት እስካሁን አይገባኝም። በሕይወቴ የመጣልኝን መልስ ውጬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ለአስተማሪ፣ ለሊቀመንበር፣ ለፖሊስ ሳይቀር መልሻለሁ። አሁን ደሞ ከሁሉም የሚበልጠው መልስ፣ ኮንቴነሩን የሚገለብጠው መልስ፣ አፌ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አንዲት ቃል ናት። ሚስትህ። በግራ ዓይኔ እሱን አያለሁ፣ በቀኝ ዓይኔ ዙሪያው ቀስተ ደመና ሠርቶበታል፣ እንደ ሥዕል ቅዱስ። ከነአክሊሉ ሊያሳውረኝ ነው እንግዲህ አልኩ በልቤ።

«ኪራይ ሰብሳቢ!» ብዬው ወጣሁ። ምንም አይገናኝም። ግን የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ፣ የዛን ጊዜ ደሞ እሱ ነበር ያለው ስድብ።

አቮካዶው ሥር አለቃዬ አገኘኝ። ነገርኩት። ራሰ በራውን በቅባት እጁ አሻሸ።

«ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

«እውነት?»

«ጋሼ፣ ዓይኔ ነው እኮ! ነገ ብናገርስ? ዓይኔን ልጣ ወይ?»

እጁን በቱታው ጠረገ። ቆርቆሮው ላይ የአቮካዶ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። «ብትናገር አልፈርድብህም» አለ በመጨረሻ። «ዓይን ዓይን ነው። ግን ካንተ በኋላ በዛ ቀዳዳ እጇን የምታወጣ ሴት አይኖርም። እስከ ነገ አፍህን እንደ ማስክ አውርደው። እኔ ልሞክር።»

ምን እንደሞከረ ያወቅኩት በማግስቱ ነው። አስተዳደሩን ለምኖት ነው፦ «ቢሮ ጠርተህ አንድ በአንድ ከምትጠይቅ፣ ጋራዡ ድረስ ናና ሁሉንም ባንዴ ጠይቅ፣ ከመሐል የውጭ ምስክር የሚያመጣ አይጠፋም» ብሎ። አለቃዬ ይሄን ሲል ሌላ ነገር አስቦ ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «እኔ ብረት ነው የማውቀው» ይለኛል።

ረቡዕ ጠዋት ነበር። አስተዳደሩ ከቢሮ በቀጥታ መጣ፣ ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። እኛ ከፊቱ ቆምን። እኔ ዓይኔን በጨርቅ አስሬ ላሜራው ላይ ተቀምጫለሁ፤ ትኩሳት ነበረኝ፣ ሰውነቴ መሬት የነካ አይመስለኝም ነበር።

«በመጀመሪያ ይሄን ነገር አጥፉት፣ አንሰማማም» አለ።

ግራይንደሩ ጠፋ። ብየዳው ጠፋ። ጄኔሬተሩን ዘበኛው ሄዶ አጠፋው። ጋራዡ እንደዛ ጸጥ ሲል በትኩሳቴ ውስጥ ሁሉም ነገር ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ መሰለኝ፤ መኪኖቹ፣ በርሜሉ፣ ሰዎቹ፣ ሁሉም አየር ላይ ተንሳፍፎ መልስ ይጠብቃል።

«ዓርብ ዕለት ለዚህ ልጅ ወተት የሰጠችው ሴት ማን ናት?» አለ አስተዳደሩ። «ለሱ ብላችሁ ተናገሩ። ዓይኑ ነው።»

ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ዘበኛው፣ እዛች መሬት ላይ የሆነ ነገር የጠፋቸው ይመስል። ጸጥታው ረዘመ። እኔ ብቻ ነኝ ቀና ያልኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።

እጁ ከአጥሩ በቀለ።

ቀስ ብሎ ነው የወጣው፣ እንዳይፈስ። ጣቶች፣ ከዛ ሰማያዊ ቀለበት፣ ከዛ ነጭ። ሕልም ነው ብዬ ነበር፣ ድምፁ እስኪመጣ።

«ነይ! ዛሬ ደሞ ማን ናት የተመታችው? ነይ ቶሎ ውሰጂ፣ ልጁ ሊነቃ ነው!»

የተነቃነቀ የለም። አስተዳደሩ አንገቱን ብቻ አዞረ።

«እንዴ! ይቀዘቅዛል እኮ! ያቺ ተሳዳቢዋ ልጅ ናት እንዴ? የዓርቡ አልዳነላትም? እንዴት ነበር የጮኸችው፣ ልጄን እኮ ነው ከእንቅልፉ ያስነሳችብኝ!»

ተሳዳቢዋ እኔ ነኝ።

አስተዳደሩ ከበርሜሉ ተነሳ። አጥሩ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ግን የሄደበት አካሄድ ረጅም ነበር። ዘበኛው «ጦሲ!» ሲል ሰማሁት፣ እግዜርን በወላይትኛ እየጠራ። አስተዳደሩ ቀዳዳው ጋ ደርሶ ቆመ፣ ሲኒዋን አየ። ከዛ በሁለት እጁ ተቀበላት።

እጇ ወደ ማዶ ወዲያው አልተመለሰም። ጣቷ የሱን የጋብቻ ቀለበት ነካ መሰለኝ።

«አንተ ነህ?» አለች። ለሱ ሲሆን አልተሳሳተችም።

«እኔ ነኝ።»

«ከሳይት መቼ መጣህ?»

«ትናንት ነው የመጣሁት፣ ቢሮ አምሽቼ…» ድምፁ መዝሙር የሚዘምርበት ድምፅ አልነበረም። «ቤት ስገባ ተኝተሽ ነበር። ጠዋትም ሳትነሺ ነው የወጣሁት።»

«ዓይንህ ተመታ?»

«አልተመታም።»

«ታዲያ ምን ትገትረዋለህ? ስጣት ለልጅቷ!»

አንዱ ከኋላዬ አፉን በኮፍያው ያዘ። አስተዳደሩ ሲኒዋን ይዞ ወደኛ ዞረ። እንዳይደፋት በጥንቃቄ ነው የሚራመደው። በጥንቃቄ በመራመዱ ነው እንደማይመታን ያወቅኩት። ሰው ሊደባደብ ሲመጣ ወተት አይጠብቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ልጅህ ከተወለደ ጀምሮ» አለው አለቃዬ። «በሲኒ ብቻ ነው፣ በአጥር ነው፣ ፊቷን አይተን አናውቅም። ጌታው፣ እኛ ጋ ሕግ አለ። ሲኒው ባለቤት የለውም።»

አስተዳደሩ ሲኒዋን አዞራት። «አለው» አለ። «የሰርጋችን ነው። ስድስቱንም አክስቴ ናት የሰጠችን።» ጣቱን የተሸረፈው ቦታ ላይ አሳረፈ። «አንዱ የት ገባ እያልኩ… ማን ነው የሸረፈው?»

ያን ጊዜ አፌ አመለጠኝ። ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ የነበረው ነው።

«ኢንሹራንስ አለው?»

ጋራዡ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ አለቃዬ አቮካዶውን ይዞ ሳቀ፣ ከአጥሩ ማዶ ራሱ ሳቅ መጣ፣ ከሳቁ ጋር የነቃው ሕፃን ለቅሶ። አስተዳደሩ አልሳቀም። ሲኒዋን እጄ ላይ አስቀመጠና ወደ ኮንቴነሩ ሄደ።

ደብዳቤውን ጻፈ። ምስክር በሚለው ቦታ የሚስቱን ስም አስገባ፣ ከሠራተኛው ውጪ፣ ጎረቤት። ከዛ ስልክ። ኔትወርክ ፍለጋ የቆመ ቦቴ ላይ ወጥቶ ነው አዲስ አበባ የደወለው። ከታች ሆኜ አየዋለሁ፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ በታመመው ዓይኔ ሳየው አክሊሉ አሁንም ዙሪያውን አለ። «አዎ ወተት!» እያለ ይጮሃል። «አዎ የሰው! እኔ እኮ ነኝ የምልህ፣ ምስክሯ ባለቤቴ ናት! … እንዴት እንደሆነማ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት!» አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። አንድ ወር ሙሉ ከተማው ሲስቅበት እንደሚከርም ያውቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጮኸ።

የዛኑ ቀን በሚኒባስ ሐዋሳ ሄድኩ። መንገዱን አላስታውሰውም፤ መስታወቱ ላይ የሚንሸራተት አረንጓዴ ብቻ፣ እንሰቱ፣ በቆሎው፣ ዝናቡ፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚቀልጥ። ሐኪሟ ብረቱን አወጣችው። በትንሽ ጨርቅ ላይ አሳየችኝ፤ የበርበሬ ፍሬ አታክልም፣ ዝገት የለበሰች። «ይሄ ነው?» አልኩ። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ? ወተቱን ስነግራት ተቆጣች፣ ፍንጣሪውን ትተህ በላዩ ጀርም ስትጨምር ነበር አለችኝ። አልመለስኩላትም። ዓይኔ እጇ ላይ ነው ያለው፣ በዛ ሰዓት አይመለስም።

ዓይኔ ተረፈ። ጠባሳ ቀርቷል። እስከ ዛሬ አምፖል ሳይ ዙሪያው ቀለበት አለው፣ ከሩቅ ያለ ሰው ዳር ዳሩ ይቀልጣል። ሐኪሟ ይሄ አይጠፋም ብላኛለች። እናቴ ግን በጣም ነው የተደሰተችው፤ በመጨረሻ በነፃ ታከምኩላት።

ስመለስ አዲስ መነጽር መጥቷል፣ ለሁሉም። ግድግዳው ላይ ደሞ ማስታወቂያ፦ ዓይኑን የተመታ ሠራተኛ በዕለቱ ያስመዝግብ፣ ወተት መጠቀም ክልክል ነው። ከሥሩ የአስተዳደሩ ፊርማ። እኔን ሲያየኝ ዓይኔን ብዙ አየው፣ ያዳነው እሱ የሆነ ያህል። ሆኖም ነበር፣ ግን አላልኩትም።

«ያንን የአጥሩን ቀዳዳ ብየደው» አለኝ። «ዝጋው።»

«እሺ።»

የተጣለ ላሜራ ቆርጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ሄድኩ። ዝጋው ነው ያለኝ። እንዴት ብዬ እንደምዘጋው አልነገረኝም። በማጠፊያ አድርጌ በየድኩት፣ ትንሽዬ በር፣ ከሁለቱም በኩል የሚከፈት። ጨርሼ ማሽኑን ሳጠፋ ሌሎቹ ምሳ ወጥተው ነበር፣ ጋራዡ ጸጥ አለ።

ከማዶ ተንኳኳ።

«ማን ናት የተመታችው?»

«ማንም አልተመታም። ጨርሼ ነው።»

«ዓይንሽስ፣ ታ ናዓው?»

«ደህና ናት።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

በሯን ከፈትኩ። ብየዳው ገና ትኩስ ነበር። ከማዶ የመጣው ግን የሷ ፊት አይደለም፣ ልጁን ነው ከፍ አድርጋ ያስጠጋችው። አየኝ። በፀሐዩ ዳር ዳሩ ቀልጦ፣ ፀጉሩ ዙሪያውን አብርቶ፣ ጠባሳዬ የሠራለትን ቀለበት ደፍቶ። ወንድምህን ሰላም በል ሲባል ሰማሁ። እጁን አወጣና ጣቱን ቀጥታ ወደ ቀኝ ዓይኔ ላከው።

ጨፈንኩ። የዓይኔ ቆብ ላይ አሳረፈው። ለብ ያለ ነበር።